ድሬዳዋ ላይ ሶላር ማጠብ፦ ውሃው፣ ሰዓቱና የታችኛው ጠርዝ

የውሃ ማፍያችሁን ክፈቱና ውስጡን እዩት። ድሬዳዋ የምትኖሩ ከሆነ ግድግዳው ላይ ነጭ ቅርፊት ተጋግሮ ታገኛላችሁ። የከተማዋ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣና በኖራ ድንጋይ መሃል ያለፈ ነው፤ ካልሲየሙ ብዙ ነው። ያው ውሃ እኩለ ቀን ላይ፣ መስታወቱ እጅ በማያስነካበት ሰዓት ሶላር ላይ ሲፈስ ማፍያው ውስጥ የሚሆነው እዚያም ይሆናል። ውሃው ይተናል፣ ካልሲየሙ ይቀራል። በየሳምንቱ ከተደገመ በጥቂት ወራት ውስጥ መስታወቱ ጉም የለበሰ ይመስላል።

አቧራ እንኳ ቢከማች ሲታጠብ ይለቃል፤ የፓነሉ ጉልበትም ይመለሳል። የተጋገረ ኖራ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ ጀሪካን ይዞ ጣራ ላይ ከመውጣት በፊት ሦስት ነገር መለየት አለበት፦ በምን ውሃ፣ በስንት ሰዓት እና ከፓነሉ የትኛው ቦታ ላይ በርትቶ መሥራት እንደሚያስፈልግ።

የትኛው ቆሻሻ ነው ጉልበቱን የሚበላው

መስታወቱ ላይ እኩል የተበተነ ስስ አቧራ ዓይን ላይ ያስጠላል እንጂ የሚወስደው ጥቂት በመቶ ነው። ዋናው ጉዳት ያለው ታች ጠርዝ ላይ ነው።

ፓነሉ በአሉሚኒየም ፍሬም የታቀፈ ነው። ፍሬሙ ከመስታወቱ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ካፊያ ሲመጣ ወይም ስናጥብ ከላይ የወረደው ጭቃ ታች ደርሶ በዚያች ከፍታ ይታገዳል፤ ውሃው ይደርቃል፣ ደለሉ ይቀራል። ቀርቦ ላየው ከፍሬሙ ጀምሮ እስከ 3 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ ከላይ ስስ፣ ወደ ፍሬሙ ሲጠጋ ደግሞ ወፍራም የሆነ ቡናማ መስመር ነው። ማዕዘኖቹ ላይ ይበልጥ ይወፍራል።

ይህች መስመር የምትጎዳበት ምክንያት የሴሎቹ አያያዝ ነው። ፓነል ውስጥ ያሉት ሴሎች እንደ ሰንሰለት ተከታትለው የታሰሩ ናቸው፤ በሰንሰለቱ ውስጥ የሚያልፈው አምፔር በጣም በተሸፈነው ሴል ልክ ይወሰናል። 72 ሙሉ ሴል ያለውን የቆየ ዓይነት ፓነል እንውሰድ። ሴሉ 15.6 ሳንቲ ሜትር ቁመት አለው። ወፍራም ጭቃ ከታችኛው ረድፍ ሴሎች 1.5 ሳንቲ ሜትር ቢሸፍን ከፓነሉ ስፋት የተሸፈነው 1 በመቶ አይሞላም። ከእያንዳንዱ የታች ሴል ግን ወደ 10 በመቶ ተሸፍኗል፤ ፓነሉ ቁመቱን ይዞ ከቆመ ሴሎቹ የተከፈሉባቸው ሦስቱም መስመሮች ታች ስለሚያልፉ አምፔሩ በዚያው መጠን ይወርዳል። ሴላቸው ለሁለት የተከፈለ አዳዲሶቹ ፓነሎች ላይ የላይኛው ግማሽ ራሱን ችሎ ስለሚሠራ ጉዳቱ ይቀንሳል፤ አይጠፋም። ፓነሉ በጎኑ ከተኛ ደግሞ ጭቃው ቢወፍር እንኳ የሚያስቆመው አንዱን መስመር፣ ማለትም ሲሶውን ነው።

የወፍ ኩስም ከዚሁ ይመደባል። አንድ ሴል ላይ ያረፈ ወፍራም ኩስ ያንን ሴል ከአመንጪነት ወደ ተጠቃሚነት ይለውጠዋል፤ ሌሎቹ የሚልኩት ጉልበት እሱ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ፓነሉ ውስጥ ያሉት ሦስት ዳዮዶች ለዚህ የተቀመጡ መከላከያዎች ቢሆኑም ሽፋኑ ለወራት ከቆየ ሴሉ ይቃጠላል፣ ከጀርባው ነጭ ፕላስቲክ ላይ ቡናማ ጠባሳ ይወጣል። ከዚራ አካባቢ በትልልቅ ዛፎች ሥር ጣራ ያላቸው ቤቶች ቁራውና እርግቡ አያጣቸውምና ሙሉ እጥበት ባይደርስም ኩሱን በየሳምንቱ ማየት ይገባቸዋል።

መቼ እንደሚታጠብ በአምፔር ማወቅ

ብዙ ሰው የፓነሉን ቮልት ለክቶ «ደህና ነው» ይላል። ቮልት ስለ አቧራ ብዙም አይናገርም፤ በአቧራ የተሸፈነ ፓነል ላይም ከሞላ ጎደል ያው ነው። የሚወርደው አምፔር ነው። የዲሲ (ከፓነልና ከባትሪ የሚወጣውን ዓይነት) አምፔር የሚያነብ ክላምፕ ሜትር፣ ማለትም ሽቦውን አቅፎ የሚለካ መሣሪያ ያስፈልጋል (የቤት መብራቱን ዓይነት ኤሲ ብቻ የሚያነበው ርካሹ እዚህ አይሠራም)፤ ከሌለ የቻርጅ ኮንትሮለሩ (የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው) ወይም የኢንቨርተሩ (ዲሲውን ወደ ቤት መብራት የሚለውጠው) ስክሪን ይበቃል።

ልኬቱ ላይ ሰው በብዛት የሚሳሳትበት ነገር አለ። ባትሪው ሲሞላ ኮንትሮለሩ ራሱ አምፔሩን ይቀንሰዋል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ባትሪው ሞልቶ 3 አምፔር ያነበበ ሰው «ሶላሩ ደክሟል» ብሎ ሊያጥብ ይወጣል፤ ፓነሉ ግን ምንም አልሆነም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ባትሪው ገና ሳይሞላና ፍሪጁም ሆነ ፋኑ እየሠራ ለኩ።

ፓነሎቹ እያንዳንዳቸው ለብቻ ወደ ማገናኛ ሳጥን የሚገቡ ከሆነ የተሻለ ዘዴ አለ። አንዱን ብቻ አጥባችሁ ሌላውን ተዉት፤ በማግስቱ ሁለቱን በአንድ ደቂቃ ልዩነት ለኩ። የታጠበው 11.8፣ ያልታጠበው 10.9 አምፔር ቢያነብ ልዩነቱ ወደ 8 በመቶ ነው፤ ሁሉም ይታጠቡ። ከ5 በመቶ በታች ከሆነ ተዉት። ተከታትለው በአንድ መስመር የታሰሩ ከሆነ አምፔሩ አንድ ስለሆነ ይህ አይሠራም፤ ያለው አማራጭ ከመታጠቡ በፊትና በማግስቱ በተመሳሳይ ሰዓት ለክቶ ማወዳደር ነው።

በደረቁ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ ድሬዳዋ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሳምንት አንዴ ማጠብ ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። አስፋልት በሌለበት መንገድ ዳር፣ ባጃጅ ቀኑን ሙሉ በሚመላለስበት ወይም ደቻቱ ወንዝ አሸዋ አጠገብ ከሆነ 10 ቀን። በበልግና በክረምት ጠንካራ ዝናብ ሥራውን ራሱ ይሠራል። የሚያታልለው ካፊያ ነው፤ አቧራውን አርሶ ሳያወርደው ይደርቅና መስታወቱን በጭቃ ነጠብጣብ ይሞላዋል። ከካፊያ በኋላ ሁልጊዜ የታች ጠርዙን እዩ።

ውሃውን መምረጥ

ቀላል ሙከራ አለ። ጥቁር ሳህን ወይም ጥቁር መስታወት ላይ ካላችሁ ውሃ ሁሉ አንዳንድ ጠብታ አኑራችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁ። የቧንቧው ጠብታ ነጭ ቀለበት ይተዋል። ያልተወው ውሃ ለሶላር የሚሆነው ነው።

የመጀመሪያው ምርጫ የዝናብ ውሃ ነው። ከቆርቆሮ ላይ የምትይዙት ከሆነ የመጀመሪያው 15 ወይም 20 ደቂቃ የጣራውን አቧራ ስለሚያወርድ ይፍሰስ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ክዳን ባለው ጀሪካን አስቀምጡ።

ሁለተኛው ብዙ ሰው በየቀኑ የሚያባክነው ነው፦ ከኤሲ (ከቤት አየር ማቀዝቀዣው) ቱቦ የሚንጠባጠበው። ከአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቀዝቅዞ የተፈጠረ ስለሆነ ካልሲየም የለበትም ማለት ይቻላል። ቱቦውን ጀሪካን ውስጥ ክተቱ፣ ስትጠቀሙ በነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። ለመጠጥ አይሆንም። ውሃ በማትነን ከሚያቀዘቅዘው ኤር ኩለር የሚወጣው ግን ፍጹም የተለየ ነው፤ ውሃው እየተነነ ካልሲየሙ ስለሚከማችበት ከቧንቧው የባሰ ነው።

የባትሪ ውሃ ለመግዛት ያሰበ ሰው ዕቃው ላይ የተጻፈውን በደንብ ያንብብ። የተጣራ ውሃ ከሆነ ጥሩ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ግን በዚሁ ስም የሚሸጠው አሲድ ነው፣ እሱ ፍሬሙን ይበላል፣ ቆዳንም ያቃጥላል።

ከሮቶ የሚወርደው የቧንቧ ውሃ ብቻ ካለስ? ይታጠባል። ሕጉ አንድ ነው፦ መስታወቱ ላይ እንዲደርቅ አትፍቀዱለት፣ በጎማ መጥረጊያ ወዲያው አውርዱት። ለስላሳ ውሃ ትንሽ ካላችሁ ደግሞ ማራሱንና ማሸቱን በቧንቧ ውሃ፣ የመጨረሻውን ማለቅለቂያ በዝናብ ወይም በኤሲ ውሃ አድርጉ። ለአንድ ትልቅ ፓነል 2 ሊትር ማለቅለቂያ ይበቃል።

ዕቃው

20 ሊትር ጀሪካን ለ4 ትልልቅ (550 ዋት) ፓነል፤ ለእያንዳንዱ 2 ሊትር ማራሻ፣ 1 ሊትር ማሻሻ፣ 2 ሊትር ማለቅለቂያ። ፀጉሩ ለስላሳ የሆነ የመኪና ማጠቢያ ብሩሽ፣ ረጅም የእንጨት ወይም የፋይበር እጀታ ያለው። ንጹሕ ስፖንጅ ወይም አሮጌ የጥጥ ካናቴራ። የመስታወት መጥረጊያ ጎማ። ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፤ ይህ ለታች ጠርዙ ነው። ውሃውን ለመርጨት የሃይላንድ ክዳን በምስማር አምስት ስድስት ቦታ ቢበሳ ይበቃል። የአረም መድኃኒት የተረጨበት መርጫ አይሆንም፤ ቅሪቱ መስታወቱ ላይ ይጋገራል።

ሳሙና በአብዛኛው አያስፈልግም። ወፍጮ ቤት፣ ጋራዥ ወይም የእንጨት ምድጃ ጭስ አጠገብ ሆኖ ቅባት ካለው ብቻ ለ10 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ በደንብ በማለቅለቅ። የዱቄት ሳሙና ስስ ሽፋን ይተውና አቧራን ይስባል።

አጠባው

ሰዓቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ነው። መስታወቱ ሌሊቱን ቀዝቅዟል፣ ቆርቆሮውም ይረገጣል። ቀን ላይ ፓነሉ 65 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊሞቅ ስለሚችል ቀዝቃዛ ውሃ ሲያርፍበት መስታወቱ በድንጋጤ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ቀድሞ ስንጥቅ ወይም የጭረት ቁስል ካለው ደግሞ አደጋው ከፍ ይላል።

በመጀመሪያ ማጥፋት። ኢንቨርተሩን፣ ከዚያ ከፓነል የሚመጣውን የዲሲ ብሬከር። የፓነሉ መስመር ሳይጠፋ ባትሪውን አትንቀሉ፤ ብዙ ኮንትሮለሮች የሚቃጠሉት በዚህ ነው። ከፓነሉ ሥር ያሉትን ማገናኛዎች (ኤምሲ4) ጉልበት እያለፈባቸው በፍጹም አትለያዩ። የዲሲ ብልጭታ እንደ ቤት መብራቱ ቶሎ አይጠፋም፣ እጅ ያቃጥላል። ብሬከሩ ቢጠፋም ብርሃን እስካለ ድረስ ሽቦው ውስጥ ቮልት አለ፤ መስታወቱ የተሰበረ ወይም ሽቦው የተላጠ ፓነል ላይ ውሃ አይፈስም።

ከዚያ ደረቁን ማስወገድ። ቅጠሉን፣ ፌስታሉን፣ ወፍራሙን አቧራ በብሩሹ ሳትጫኑ ከላይ ወደ ታች ጥረጉ። አብዛኛው ቦታ ላይ ይህን መዝለል ይቻላል፤ ሁለት ቦታ ላይ ግን ግዴታ ነው። ብሎኬት ማምረቻ ወይም ሲሚንቶ አጠገብ ያለ ፓነል ውሃ ከነካው አቧራው ራሱ ሲሚንቶ ሆኖ ይደርቃል። ወፍጮ ቤት ጎን ያለው ላይ ደግሞ ዱቄቱ ሊጥ ይሆናል። እዚያ ደረቁን በደንብ ሳያስወግዱ ጠብታም አይነካውም።

አሁን ማራስ። ከላይኛው ጠርዝ ጀምሮ 2 ሊትር ገደማ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱና ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጠብቁ። ይህች ጥበቃ ናት መስታወቱን ከጭረት የምታድነው። የድሬ አቧራ ውስጥ ጥሩ አሸዋ አለ፤ ሳይርስ ከታሸ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል። ብርሃን እንዳይንጸባረቅ መስታወቱ ላይ የተቀባው ስስ ሽፋን ከተጫረ አይመለስም። አራት ፓነል ካለ አንዱ እስኪርስ ሌላውን ማራስ ይቻላል፤ የመጀመሪያው ግን እንዳይደርቅ ተከታተሉት።

ከዚያ በስፖንጁ ወይም በብሩሹ ከላይ ወደ ታች፣ በአንድ አቅጣጫ፣ የእጃችሁን ክብደት ሳታሳርፉ እሹ። ስፖንጁን በየፓነሉ በሌላ ባልዲ እጠቡት፤ አሸዋ የያዘ ስፖንጅ ጥቅሙ ይቀርና ጠላት ይሆናል።

ታች ስትደርሱ አትቸኩሉ። የጥርስ ብሩሹን መስታወቱና ፍሬሙ የሚገናኙበት ቦታ ላይ አስገብታችሁ ከአንዱ ማዕዘን እስከ ሌላው ሂዱ። ጭቃው በቁርጥራጭ ይነሳል፤ በጨርቅ አንስታችሁ ከፍሬሙ ውጭ አውጡት እንጂ ወደ መስታወቱ መልሳችሁ አትግፉት። ምስማር፣ ቢላ ወይም ፌሮ አታስገቡበት። እዚያ ያለው ጥቁር ወይም ነጭ ለስላሳ ነገር ውሃ ወደ ሴሎቹ እንዳይገባ የሚያሽገው ሲሊኮን ነው። ከተቆረጠ እርጥበት ይገባል፣ በዓመት ሁለት ዓመት ውስጥ ከጠርዙ ጀምሮ የወተት ቀለም እየያዘ ይመጣል፣ ያ አይጠገንም። ውሃው እንዲወርድ ብለው ፍሬሙን በመጋዝ የሚነድሉ አሉ፤ ፓነሉን ያደክማል፣ ዋስትናውንም ያሳጣል። ለዚሁ የተሠሩ፣ ጠርዙ ላይ የሚሰኩ ትንንሽ የፕላስቲክ ማፍሰሻዎች አሉ፤ ካገኛችሁ በእያንዳንዱ ፓነል ታች ሁለት ይበቃሉ።

በመጨረሻ አለቅልቁና በጎማው ከላይ ወደ ታች አውርዱ፤ በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ጎማውን በጨርቅ አድርቁ። ታች ጠርዙ ላይ የቀረውን ውሃ በካናቴራው ምጠጡት። ፀሐይ ሳይበረታ መጨረስ አለበት።

የተጣበቀ ሲገጥማችሁ

የወፍ ኩስ ላይ ውሃ የጠገበ ጨርቅ አልብሳችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተዉት፤ ከዚያ ጨርቁን ወደ ላይ ስታነሱት አብሮ ይነሳል። የቀረ ካለ ድገሙት። በጥፍርም በቢላም አይፋቅም።

ነጩ የኖራ ሽፋን ገና ስስ ከሆነ አቼቶ ይረዳል። 1 እጅ ነጭ አቼቶ በ10 እጅ ለስላሳ ውሃ፣ አስቀድሞ በአንድ ማዕዘን ላይ መሞከር፣ በጨርቅ መቀባት፣ ከ3 ደቂቃ በላይ አለማቆየት፣ ፍሬሙን አለማስነካት፣ ከዚያ በብዙ ውሃ ማለቅለቅ። የፓነሉ መመሪያ አሲድ ከከለከለ አታድርጉት። በየእጥበቱ የሚደረግ ነገርም አይደለም፤ በዓመት አንዴ ሁለቴ ነው። በረኪና፣ የዕቃ ሽቦ፣ አመድና አሸዋ፣ ቤንዚን እና የመኪና ማጠቢያ የግፊት ማሽን ግን ምንም ቢጣበቅ ቦታ የላቸውም።

ጣራው ላይ

እርጥብ ቆርቆሮ ያንሸራትታል። ከተቻለ መሰላል ላይ ሆናችሁ በረጅሙ ብሩሽ ሥሩ። መውጣት ግድ ከሆነ ሁለት ሰው ይሁን፣ ወገባችሁ ላይ ገመድ ይኑር፣ እግራችሁም ምስማር በተመታበት መስመር ላይ፣ ማለትም ሥሩ ሞራሌ ባለበት ይረፍ። ፓነሉ ላይ መቆምም መንበርከክም አይቻልም። መስታወቱ ቢችል እንኳ ውስጡ ያለው ሴል ዓይን በማያየው ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ጉዳቱ የሚታየው ከወራት በኋላ አምፔር ሲወርድ ነው።

ወጥታችሁ ሳለ ከፓነሉ ሥር አጎንብሳችሁ እዩ። በፓነሉና በቆርቆሮው መካከል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ክፍተት አየር ማስተላለፊያ ነው። የኒም ቅጠል፣ ፌስታል ወይም የወፍ ጎጆ ከደፈነው ፓነሉ ይግላል። በአብዛኛው ፓነል ላይ እያንዳንዱ ተጨማሪ 1 ዲግሪ ወደ 0.35 በመቶ ጉልበት ይወስዳል፤ 10 ዲግሪ ሲሆን 3.5 በመቶ፣ ማለትም ስስ አቧራ የሚወስደውን ያህል ነው። የተንጠለጠለ ሽቦ ቆርቆሮው ጠርዝ ላይ እየተፋተገ ከሆነ እሰሩት።

ሐረርና ትንንሾቹ ፓነሎች

ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ቀዝቀዝ ያለችና ከድሬዳዋ የተሻለ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ በደረቁ ወራት በወር አንዴ ይበቃል። ጀጎል ውስጥ ቤቱ ተጠጋግቶ ስለሚሠራ ከአቧራው ይልቅ የማብሰያ ጭስ ጥቀርሻ ሊበዛ ይችላልና ቀደም ብሎ የተጠቀሰው አንድ የሻይ ማንኪያ ሳሙና እዚያ ይጠቅማል። ጠፍጣፋ ጣራ ላይ ፓነሉን ጨርሶ አታስተኙት። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ደቡብ ያዘንብል፤ ለሁለቱም ከተሞች የሚስማማ ዝንባሌ ነው፣ ዝናቡም ጭቃውን ይዞ እንዲወርድ ይረዳል።

ከ10 እስከ 50 ዋት ያሉት የገጠር ፓነሎች በእርጥብ ጨርቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጁም። አንዳንዶቹ ግን መስታወት የላቸውም፣ ላያቸው ፕላስቲክ ነው፤ እነሱ ላይ ብሩሽ ሳይሆን እጅግ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ።

ታጥቦም ካልተመለሰ

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ለኩና ቀኑንና አምፔሩን ኢንቨርተሩ ጎን በለጠፋችሁት ወረቀት ላይ ጻፉ። ካልተሻሻለ መጀመሪያ ጥላ ፈልጉ፤ ባለፈው ዓመት ያልነበረ የኒም ቅርንጫፍ፣ ጎረቤት ያሠራው ፎቅ፣ አዲስ የቆመ ሮቶ። ጥላ ከሌለ ብሬከሩን አጥፍታችሁ ማገናኛዎቹን በዓይን እዩ፤ የቀለጠ ወይም የጠቆረ ካለ እዚያ ነው። ያም ደህና ከሆነ ቴክኒሻን ጠርታችሁ የእያንዳንዱን ፓነል ክፍት ቮልት፣ ማለትም ከምንም ሳይገናኝ የሚሰጠውን፣ አስለኩ። 50 ቮልት አካባቢ መስጠት ያለበት ፓነል 33 አካባቢ ካነበበ ሲሶው ጠፍቷል ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከጀርባው ሳጥን ውስጥ የተቃጠለ ዳዮድ ነው፣ ሳጥኑ የሚከፈት ዓይነት ከሆነ ዳዮዱ ይቀየራል።